ገል የሚናገረው፤ የሄንሪ ሳንደን የሙያ ሕይወት




በጥንታዊ ዕቃ ሙያ ውስጥ እውቀት ሁለት ዓይነት አያያዝ አለው። አንዳንዱ ባለሙያ ያወቀውን በልቡ ይዞ ለገበያ ጥቅሙ ያውለዋል። ሻጩ ምን እንደሚሸጥ፣ ገዢውም ምን እንደሚገዛ በውል ሳያውቁ ይለያያሉ፤ ትርፉም በመካከል ቆሞ ሁለቱን ለሚያይ አዋቂ ይቀራል። ሌላው ባለሙያ ግን ያወቀውን ለሰው ሳያስረዳ ዕረፍት አያገኝም፤ ይጽፋል፣ ያስተምራል፣ ለጠየቀው ሁሉ ይመልሳል። የዛሬው ንግግር ርእስ የሆኑት እንግሊዛዊው የሸክላ ሊቅና የቴሌቪዥን አቅራቢ ሄንሪ ሳንደን ከሁለተኛው ወገን የሚመደቡ ሰው ነበሩ።

ሳንደን በብሪታኒያ ሕዝብ ዘንድ ስማቸው የገነነው ቢቢሲ በሚያሰራጨው «አንቲክስ ሮድሾው» በተባለው ተጓዥ የጥንታዊ ዕቃዎች ዝግጅት ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ዝግጅት ላይ መታየት በጀመሩበት በ1979 ዕድሜያቸው ሃምሳ ዓመት ደርሶ ነበር። ከዚያ አስቀድሞ ዘማሪ፣ የሙዚቃ መምህር፣ አፈር ቆፋሪ፣ የሙዚየም ኃላፊና ደራሲ ሆነው ሠርተዋል። ስለዚህ የሙያ ሕይወታቸውን ለመረዳት የሚሻ ሰው ከቴሌቪዥኑ ሳይሆን ከአፈር ውስጥ ከወጣው ገል ሊጀምር ይገባዋል። የዚህም ንግግር ዋና አሳብ ይኸው ነው። ባለሙያ በሕዝብ ፊት የሚናገረው ቃል ክብደት የሚያገኘው ከበስተኋላው የተቆፈረ፣ የተመዘገበና የተመረመረ ማስረጃ ሲኖር ነው፤ ማስረጃውም ቢሆን ፍሬ የሚሰጠው ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ለሕዝብ ሲነገር ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዝማሬ ወደ ሸክላ

ሄንሪ ሳንደን ነሐሴ 10 ቀን 1928 በለንደን ከተማ፣ ሶሆ በሚባለው ሠፈር ተወለዱ። የመጀመሪያ ሙያቸው ሸክላ አልነበረም። በጊልድሆል የሙዚቃ ትምህርት ቤት ድምፃዊነትን ተምረው፣ በ1953 በምዕራብ እንግሊዝ በሴቨርን ወንዝ ዳር ወደምትገኘው ወደ ዉስተር ከተማ ሄዱ። በዚያም በካቴድራሉ የዝማሬ ጓድ ውስጥ እያገለገሉ፣ ሮያል ግራመር ስኩል በተባለው ትምህርት ቤት ሙዚቃ ያስተምሩ ጀመር።

ዉስተር ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ሰው የሰፈረባት ከተማ ናት። ሳንደን የሚኖሩበት ቤት ለካቴድራሉ ቅርብ ነበርና፣ ጓሮውን ሲቆፍሩ የሮማውያን ዘመን የሸክላ ስብርባሪ ያገኙ ጀመር። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲያገኝ ወደ አጥር ጥግ ይወረውረዋል፤ እርሳቸው ግን አጥበው፣ ገጥመው፣ የማን ሥራ እንደሆነና በምን ዘመን እንደተሠራ መጠየቅ ያዙ። ከአንድ ጓሮ የተነሣው ጥያቄ ወደ ከተማዋ ታሪክ፣ ከከተማዋም ታሪክ ወደ ስመ ጥሩው የፖርሴሊን ፋብሪካዋ መራቸው።

በዚህ ረገድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሳንደን በጥንታዊ ዕቃ ንግድ ቤት ውስጥ አላደጉም። ከእርሳቸው በፊት በብሪታኒያ ቴሌቪዥን የታወቁት አርተር ኒገስ የዕቃ ሠሪ ልጅ ነበሩ፤ ገና በወጣትነታቸው የአባታቸውን ሱቅ ተረክበው፣ ኋላም በግሎስተር ከተማ በሐራጅ ቤት ሲሠሩ ኖረው፣ ስለ እንጨት ዕቃ ያላቸውን እውቀት ያገኙት በእጃቸው በመዳሰስ ነበር። ሳንደን በአንጻሩ ከሙዚቃ ክፍል የመጡ ናቸው። ሆኖም ሙዚቃው ሁለት ስንቅ አስይዟቸዋል፤ አንዱ አዳራሽ የሚሞላ ድምፅ፣ ሁለተኛው ሌላው ሲያሰማ በጥሞና የማዳመጥ ልማድ ነው። ሁለቱም በኋላው ሥራቸው ዋና መሣሪያ ሆነዋል።

ፋብሪካውና ሙዚየሙ

የዉስተር ፖርሴሊን ፋብሪካ የተመሠረተው በ1751 ነው። ሐኪሙ ጆን ዎልና መድኃኒት ቀማሚው ዊልያም ዴቪስ ያሉባቸው አሥራ አምስት ሸሪኮች ገንዘብ አዋጥተው፣ በሴቨርን ወንዝ ዳር ዎርምስትሪ ሃውስ በተባለው ቤት ሥራ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ባለጠጎች የቻይናን ስስ ነጭ ሸክላ በብዙ ወርቅ ይገዙ ነበርና፣ ምስጢሩን አግኝቶ በአገር ቤት መሥራት የብዙዎች ምኞት ነበር። ዉስተሮች በ1752 በብሪስቶል ከተማ የነበረን አንድ አነስተኛ ፋብሪካ ከነቀመሩ ወሰዱ። በቀመሩ ውስጥ ዋናው ከኮርንዎል የሚመጣ፣ የሳሙና ድንጋይ የሚባል ልስልስ ማዕድን ነበር። ይህ ማዕድን የገባበት ሸክላ የፈላ ውሃ ሲፈስበት አይሰነጠቅም። ሻይ መጠጣት እየተስፋፋ በሄደበት አገር የዚህ ጥቅም ምን ያህል እንደነበር መገመት አያስቸግርም፤ የሌሎች ፋብሪካዎች ጀበና በባለቤቱ እጅ ላይ ሲሰነጠቅ የዉስተሩ ግን ጸንቶ ይቆይ ነበር።

ፋብሪካው ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ ኖረ። በ1783 ቶማስ ፍላይት የተባለ ነጋዴ ገዛው፤ በ1788 ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ጎበኙት፤ በማግሥቱ ዓመትም ለቤተ መንግሥት ዕቃ አቅራቢነት ፈቃድ አገኘ። በ1862 ሮያል ዉስተር የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ። በ1879 ደግሞ ፋብሪካው ከየዘመኑ ያስቀረውን ሥራ የሚያሳይ ሙዚየም ከፈተ። በሃያኛው ምዕተ ዓመት ኩባንያው በገንዘብ ሲቸገር የደረሱለት ዳይሰን ፐሪንስ የተባሉ የዉስተር ባለጠጋ ናቸው፤ ስብስቡም እንዳይበተን በ1946 በአደራ ድርጅት ሥር ሆኖ፣ ሙዚየሙ በእርሳቸው ስም ተጠራ።

ሳንደን በ1960ዎቹ አጋማሽ የዚህ ሙዚየም ኩሬተር፣ ማለትም የስብስቡ ጠባቂና አጥኚ ሆነው ተሾሙ፤ እስከ 1982 ድረስም በዚሁ ሥራ ቆዩ። በፋብሪካ ግቢ ውስጥ ያለ ሙዚየም ከሌላው የሚለይበት ጠባይ አለው። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ያለውን ዕቃ ያየ ሰው፣ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ያንኑ ዓይነት ዕቃ የሚቀርጸውን፣ የሚተኩሰውንና የሚቀባውን ሠራተኛ ማግኘት ይችላል። የጥንቱ መዝገብ ከላይ ቤት፣ ሕያው እጅ ከታች ቤት ነው። ሳንደን ይህን ዕድል አላባከኑትም።

ገል የፈረደው ክርክር

ከዚህ በኋላ የተሠራው ሥራ ለሙያው ትልቅ ትምህርት የሚሰጥ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ መመልከት ያስፈልጋል። ሸክላ ሲተኮስ ሁሉም አይሳካም። አንዱ ይጣመማል፣ ሌላው ይሰነጠቃል፣ ሌላው ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል። የተበላሸው ዕቃ ለገበያ አይወጣም፤ በፋብሪካው ግቢ ተጥሎ አፈር ይለብሳል። እንግዲህ በሱቅ የተሸጠው ሸክላ በዓለም ተበታትኖ የትውልድ ቦታው ሲያከራክር፣ የተጣለው ግን ከተጣለበት ሥፍራ አልተንቀሳቀሰም። ማንም ነጋዴ የተሰበረና የተጣመመ ሲኒ ከሌላ ከተማ አምጥቶ በግቢው ውስጥ አይቀብርምና፣ ከፋብሪካው መሬት የወጣ ብልሽት የዚያው ፋብሪካ ሥራ ለመሆኑ ከሁሉ የታመነ ምስክር ነው።

ሳንደን በ1968 በቀድሞው የዎርምስትሪ ሃውስ ቦታ ላይ ቁፋሮ አካሄዱ፤ በ1970ዎቹም መጨረሻ ተመልሰው ቆፈሩ። የወጣው ገል በየንብርብሩ እየተለየ ሲመረመር፣ ፋብሪካው በየትኛው ዘመን ምን ዓይነት ቅርጽ፣ ምን ዓይነት ልባስና ምን ዓይነት ሥዕል ይሠራ እንደነበር መታወቅ ጀመረ።

ለምሳሌ ያህል አንድ የቆየ ክርክር ማንሣት ይቻላል። በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት ማለቂያ ከተሠሩት በሰማያዊ ቀለም የታተሙ ሸክላዎች መካከል፣ ከሥራቸው ከ1 እስከ 9 ያለ ቁጥር የቻይና ፊደል እንዲመስል ተደርጎ የተጻፈባቸው አሉ። ሰብሳቢዎችና ነጋዴዎች እነዚህን ሁሉ ኮሊ ለተባለው፣ እዚያው በሴቨርን ወንዝ አካባቢ ለነበረ ሌላ ፋብሪካ ሲሰጡ ኖረዋል። ከዉስተር መሬት ግን ያው ምልክት ያለበት ገል ወጣ። በመጻሕፍት ሲደጋገም የኖረው ቃል በአንድ እፍኝ ስብርባሪ ተሻረ፤ ዕቃዎቹም ወደ ትክክለኛ የትውልድ ቤታቸው ተመለሱ።

በሁለቱም ፋብሪካዎች የታተመ «ዓሣ አጥማጁ» የሚባል ሥዕልም አለ። ሁለቱ ሥዕሎች ለማያውቅ ሰው አንድ ናቸው። አጥብቆ ለሚያይ ግን፣ በኮሊው ላይ ዓሣ አጥማጁ የያዘው ዓሣ አጭርና ወፍራም ነው፤ የመንጠቆውም ክር ቀጥ ብሎ ተወጥሯል። በዉስተሩ ላይ ዓሣው ቀጭንና ረዘም ያለ ሲሆን ክሩ ላላ ብሎ ይወዛወዛል። እንዲህ ያለው ልዩነት ተረጋግጦ ሊነገር የቻለው ከየፋብሪካው መሬት የወጣው ገል ጎን ለጎን ተቀምጦ ስለተመረመረ ነው።

ከዚህ ሌላ የዓይንና የእጅ ምርመራ አለ። የጥንቱን የዉስተር ሸክላ ወደ ብርሃን አንሥተው ሲያዩት ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቀለም ያሳያል፤ የኮሊው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ብርቱካን ያደላል። ዕቃውን ገልብጠው በሥሩ ያለውን የእግሩን ቀለበት ውስጥ ሲመለከቱ፣ የሚያብረቀርቀው ልባስ ከቀለበቱ ጥቂት ራቅ ብሎ የቆመበት ልባስ የሌለው ጠባብ መስመር ይገኛል። በዚያ መስመር ላይ እርሳስ ቢሰመርበት ይጽፋል፤ ልባሱ ላይ ግን ያንሸራትታል። በኋለኛው ዘመን ደግሞ ፋብሪካው ከ1891 በኋላ በንግድ ምልክቱ ዙሪያ በየዓመቱ አንድ ነጥብ ይጨምር ስለነበር፣ ነጥቦቹን የቆጠረ ሰው ዓመቱን ያገኛል። እነዚህ ሁሉ ለአንድ ሰው የተገለጡ ምስጢራት አይደሉም፤ የሚማራቸው ካለ የሚማሩ ናቸው። ሳንደን በ1969 ስለ ጥንቱ የዉስተር ፖርሴሊን ያሳተሙት መጽሐፍ የቁፋሮውን ውጤት ለማንኛውም አንባቢ አቀረበ። ነጋዴው ከገዢው በላይ ሊያውቅበት የሚችለው አንዱ በር በዚያን ጊዜ ተዘጋ።

የሠሪዎች ስም

ገል ስለ ዕቃው ይናገራል፤ ስለ ሠሪው ግን ብዙ አይናገርም። ስለዚህ ሳንደን ፊታቸውን ወደ ሠራተኞች መለሱ። በ1973 ከ1862 ወዲህ ስላለው የሮያል ዉስተር ሥራ ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ፣ የቀራጮችንና የሠዓሊዎችን ስም ከነሕይወት ታሪካቸውና ከነሥራቸው ዓይነት መዘገቡ። የደጋ ከብቶችን በጭጋግ ተራራ ውስጥ በመሣል የታወቁት የስቲንተን ቤተሰብ ሠዓሊዎች፣ በበጎችና በመልክአ ምድር ሥዕሉ ስመ ጥር የሆነው ሃሪ ዴቪስ፣ የአሜሪካን ወፎች በሸክላ የቀረጸችው ዶሮቲ ዳውቲ፣ ፈረሶችን የቀረጸችው ዶሪስ ሊንድነር፣ ሁሉም እንደ ሰው ሆነው በመጽሐፍ ገቡ። ከዚህ በፊት የፋብሪካው ስም ብቻ ይነገርባቸው የነበሩ ሥራዎች ከዚህ በኋላ የእጃቸውም ባለቤት አብሮ ይነገር ጀመር።

የዚህ ሥራ ጥቅም በጉልህ የሚታየው ጆርጅ ኦወን ከተባለው ሠራተኛ ታሪክ ጋር ሲነጻጸር ነው። ኦወን ገና ያልደረቀውን ሸክላ በስል መሣሪያ እየበሳ፣ እንደ ጥልፍ ዳንቴል የሚያስመስል ሥራ ይሠራ ነበር። በአንድ ዕቃ ላይ እጅግ ብዙ ቀዳዳ ይወጣል፤ አንዱ ቢሳሳት ወይም ሸክላው ከመጠን በላይ ቢደርቅ የወራት ድካም ከንቱ ይሆናል። ሲሠራ ማንም እንዲያየው አይፈቅድም ነበር ይባላል። በ1917 ሲሞት የሥራው መንገድ አብሮት ተቀበረ። ዛሬ ሥራዎቹን በመስተዋት ውስጥ የሚመለከት ሰው ይደነቃል፤ እንዴት እንደተሠሩ በርግጥ የሚያስረዳው ግን አያገኝም።

አንድ የእጅ ባለሙያ ምስጢሩን ቢደብቅ እንጀራው ስለሆነ ሊፈረድበት አይገባም። የሙዚየም ባለሙያ ግን እንጀራውን የሚበላው እውቀትን እንዲጠብቅና እንዲያስተላልፍ ነው። ሳንደን በዚያው ፋብሪካ ጣሪያ ሥር፣ የኦወን ዓይነት ዝምታ ያስከተለውን ጉዳት በየቀኑ እያዩ ሠርተዋል። ሽማግሌዎቹን ሠዓሊዎች በሕይወት ሳሉ ማነጋገራቸውና የተናገሩትን መጻፋቸው ከዚህ የመጣ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በቴሌቪዥን ፊት

«አንቲክስ ሮድሾው» ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን የታየው የካቲት 18 ቀን 1979 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ባለሙያዎች ወደ አንድ ከተማ ይሄዳሉ፤ ሕዝቡ በየቤቱ ያለውን ዕቃ ተሸክሞ ይመጣል፤ ባለሙያው ዕቃውን ያይና ምን እንደሆነ፣ የት እንደተሠራ፣ ምን ያህል እንደሚያወጣ ያለ ክፍያ ይነግራል። በቀን ውስጥ እጅግ ብዙ ሰው ተሰልፎ ሲስተናገድ፣ በካሜራ ፊት የሚቀርቡት ግን ጥቂቶች ናቸው። ሳንደን በዚያው በ1979 ከባለሙያዎቹ አንዱ ሆኑ፤ ለብዙ ዓመታትም የዝግጅቱ ዋነኛ ፊት ሆነው ቆዩ። ልጃቸው ጆን ሳንደንም የሸክላ ሊቅ ሆኖ በዚያው ዝግጅት ላይ ሠርቷል።

በካሜራ ፊት ሲታዩ ወፈር ያሉ፣ ፊታቸው የሚፈካ፣ ድምፃቸው ከፍ ያለ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ተመልካቹን የማረከው መልካቸው ሳይሆን የመጠየቅ ጠባያቸው ነው። ዕቃው የማን እንደነበረ፣ በቤት ውስጥ የት ይቀመጥ እንደነበረ፣ ማን ከማን እንደወረሰው ባለቤቱን ይጠይቁ ነበር። ባለቤቱ ሲናገር አያቋርጡም። የባለቤቱ ታሪክና የዕቃው ማስረጃ ሳይስማሙ ሲቀሩም፣ ሰውየውን ሳያሳፍሩ እውነቱን ይነግሩታል። ዋጋ የሌለው መስሎት ያፍርበት የነበረውን ዕቃ ያስከብሩለታል፤ ብዙ ዋጋ ተስፋ ያደረገበት የኋላ ዘመን ቅጂ ሲሆንም፣ አያቱ ለምን እንደወደዱት ጠይቀው በዚያ ያጽናኑታል።

ከእነዚህ ሁሉ ግንኙነቶች ከሁሉ የሚታወሰው በ1990 በኖርዝሃምፕተን ከተማ የተደረገው ነው። አንዲት ሴት የጉጉት ቅርጽ ያለው የሸክላ ማሰሮ ይዛ መጣች። ማሰሮው በአሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት ማለቂያ ገደማ በስታፎርድሺር አውራጃ የተሠራ፣ በቀጭን የሸክላ ቅባት ያጌጠ፣ ራሱ ተነሥቶ ለመጠጫ ጽዋ የሚሆን ሲሆን፣ ከዘመኑ ብዙ ያልተረፈ ብርቅ ሥራ ነበር። ሳንደን ዕቃውን ባዩ ጊዜ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። «ኦዚ» የሚል የቁልምጫ ስም የወጣለት ይህ ጉጉት ከ20,000 እስከ 25,000 ፓውንድ እንደሚያወጣ ሲነግሯት ባለቤቲቱ እጅግ ተደነቀች።

ከዋጋው ይልቅ ለሙያው የሚጠቅመው ቀጥሎ የሆነው ነው። ጉጉቱ ወደ ማይታወቅ የግል ቤት ገብቶ አልጠፋም። በስቶክ ኦን ትሬንት የሚገኘው የሸክላ ሠሪዎች አገር ሙዚየም ገዛው፤ በተሠራበት አውራጃ፣ በሠሪዎቹ ተወላጆች ፊት ቆመ። በአንድ ቀን የቴሌቪዥን ዝግጅት የተገለጠ ዕቃ ወደ ሕዝብ ስብስብ መግባቱ፣ የዚህ ዓይነቱ ዝግጅት ሊያስገኝ የሚችለውን ከሁሉ የላቀ ፍሬ ያሳያል።

ይሁንና የዝግጅቱ አሠራር አንድ አደጋ አለበት፤ ሳይነሣ ቢታለፍ ንግግሩ ጎደሎ ይሆናል። ተመልካቹ በመጨረሻ የሚጠብቀው ቁጥሩን ነው። ቁጥሩ ከተጠራ በኋላ ያ የቤተሰብ መታሰቢያ የነበረ ዕቃ በቤተሰቡ ዓይን ገንዘብ ይሆናል፤ ከዚያ በፊት በመስኮት ላይ ተቀምጦ አበባ ሲይዝ የኖረው በመዝጊያ ይቆለፍበታል፣ ወይም በሐራጅ ይወጣል። ሳንደን ዋጋ ከመጥራት አልተቆጠቡም፤ የዝግጅቱ ደንብ ነውና። ሆኖም ዋጋው የሚመጣው ዕቃው ተገልብጦ ከታየ፣ ወደ ብርሃን ከተነሣ፣ ታሪኩ ከተነገረና ሠሪው ከተመሰገነ በኋላ ነበር። ቁጥሩን ብቻ የሰማ ተመልካች የሰማው የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን ያዳመጠ ግን ሳያውቀው የሸክላ ታሪክ ትምህርት ተምሯል።

ፋብሪካው ሲዘጋ

ሳንደን በ2008 ለቴሌቪዥን፣ ለሸክላ ሥራና ለበጎ አድራጎት ስላበረከቱት አገልግሎት የብሪታኒያ ኢምፓየር የአባልነት ኒሻን ተሸለሙ። የእንግሊዝ ሸክላ ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ በሰው አምሳል በሚሠሩት ማሰሮ ላይ የእርሳቸው መልክ ተቀርጾ እስከ መውጣት ደርሷል፤ የሸክላ ሊቅ ራሱ ሸክላ ሆነ።

በዚያው ዓመት ግን ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑት ፋብሪካ ወደ ፍጻሜው ደረሰ። ሮያል ዉስተር በ1976 ስፖድ ከተባለው ሌላ የሸክላ ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ነበር። የርካሽ ዕቃ ውድድርና የልማድ ለውጥ እያዳከመው ሄዶ፣ በኅዳር 2008 ኩባንያው ዕዳውን መክፈል ባለመቻሉ በአስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ። በ2009 የንግድ ስሙን ፖርትሜሪየን የተባለ ኩባንያ ገዛው፤ በዉስተር የነበረው ሥራም ተቋረጠ። ከ1751 ጀምሮ በከተማዪቱ ሲነድድ የኖረው የሸክላ መተኮሻ እሳት ጠፋ። ሠዓሊውም ቀራጩም ተበተኑ።

በዚህ ጊዜ ምን ቀረ ቢባል፣ ሙዚየሙ ቀረ። የፋብሪካው ሥራ ናሙና፣ የቅርጽና የሥዕል መዝገብ፣ ከመሬት የወጣው ገል፣ የሠራተኞቹ ስምና ታሪክ ቀረ። ስብስቡ በ1946 በአደራ ድርጅት ሥር ባይሆን ኖሮ ለኩባንያው ዕዳ መክፈያ እንዳይበተን የሚያግደው ነገር ባልነበረም። ገሉ በ1968 ባይቆፈር ኖሮ በአዲስ ሕንፃ መሠረት ሥር ተቀብሮ ይቀር ነበር። ሽማግሌዎቹ ባይጠየቁ ኖሮ የኦወን ዕጣ የሁሉም ዕጣ ይሆን ነበር። ሕያው ፋብሪካ በአጠገቡ ሳለ ትርፍ ሥራ የሚመስለው ምዝገባ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ብቸኛ ወራሽ ሆኖ ተገኘ።

ሄንሪ ሳንደን ታኅሣሥ 25 ቀን 2023፣ በ95 ዓመታቸው ዐረፉ።

ለሙያው የሚተርፈው

የእኚህ ሰው የሥራ ታሪክ በዚህ ማኅበር አባላት ፊት መነሣቱ የሌላ አገርን የቴሌቪዥን ዝግጅት ለማወደስ ብቻ አይደለም። የዝግጅቱን መልክ እንዳለ መቅዳትም አይገባም። በኢትዮጵያ በ2000፣ ማለትም በ1992 ዓመተ ምሕረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ እንዲመዘገብና ከአገር እንዳይወጣ ጥብቅ ደንብ ደንግጓል፤ በሕዝብ ፊት ዋጋ መጥራት ለቅርስ ዘራፊ መንገድ መምራት ሊሆን ይችላል። ሊወሰድ የሚገባው ከዋጋው በፊት ያለው ነው።

ገል በኢትዮጵያ ገጠር ከጎረቤት እሳት መጫሪያ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ክብር የለውም። ሸክላውን የምትሠራውም እናት በብዙ ሥፍራ ስሟ በበጎ አይነሣም ነበር። ጀበናዋ፣ እንስራዋና ምጣዷ በየቤቱ ሲያገለግሉ እርሷ ግን በንቀት ተገልላ ኖራለች። በሙዚየም መደርደሪያ ላይም የዕቃው መጠሪያና የመጣበት አውራጃ ተጽፎ፣ የሠሪዋ ስም ሳይጻፍ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። አፈሩን ከየት እንደምታመጣ፣ በምን እንደምትደባልቀው፣ በምን ማገዶ እንደምትተኩሰው፣ ከማን እንደተማረችው ዛሬ ቢጠየቅ የሚመልስ አለ። የፕላስቲክ ጀሪካን እንስራውን ከምንጭ ዳር ባስለቀቀበት ዘመን፣ ይህ ጥያቄ የሚዘገይ ጥያቄ አይደለም።

ከሳንደን የሥራ ታሪክ ሦስት ነገሮች ተለይተው ይወጣሉ። አንደኛ፣ የተጣለና የተሰበረ ነገር ከተሸጠውና ከተወደሰው ይልቅ እውነት ሊናገር ይችላልና ሳይመረመር አይናቅ። ሁለተኛ፣ በሕይወት ያለ የእጅ ባለሙያ ከማንኛውም መዝገብ የሚበልጥ መዝገብ ነውና፣ ስሙም ሙያውም በጊዜው ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ተራው ሰው በሣጥን ጠቅልሎ ያስቀመጠውን ይዞ ሲመጣ፣ ባለሙያው አስቀድሞ ያዳምጥ፤ ካዳመጠ በኋላ እውነቱን በአክብሮት ይንገር። ሕዝብ የሚያምነው ባለሙያ ቅርሱን አይደብቅበትም፤ ሕዝብ የሚፈራው ባለሙያ ግን ባዶ ሙዚየም ይጠብቃል።

ጆርጅ ኦወን ድንቅ ሥራውን ትቶ እውቀቱን ይዞ ሄደ። ሄንሪ ሳንደን በእጃቸው የሠሩት አንድም ሲኒ የለም፤ እውቀታቸውን ግን ለማንም ትተው አልፈዋል። ከሁለቱ የትኛው ለሙያው ዕድሜ እንደጨመረ የእያንዳንዱ ሙዚየም የምዝገባ ደብተር፣ የተሞላውም ባዶውም ገጽ ይመሰክራል።